የራሳቸውን ቀለበት የሸጡ ልጆች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖር ሰው ፉትቦል ባይወድም ከፉትቦል አያመልጥም። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ ያን ሄልሜት አጥልቀው የሚላተሙበትን ነው። ፀጉር ስትቆረጥ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ፣ ጎረቤትህ ቅጠል ሲጠርግ ወሬው የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኦሃዮ ስቴት ነው። እኔም ከርሜ ሳልወድ በግድ አወቅሁት፣ ኋላ ደግሞ ወደድኩት። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ገንዘቡ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከአምስት ልጆች ልጀምር።

በዲሴምበር 2010፣ ለፈረንጅ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ አምስት የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾችን ለአምስት አምስት ጨዋታ አገደ። አንዱ የቡድኑ ኮከብ ቴሬል ፕራየር ነበር። ምን ሠርተው መሰላችሁ? አልሰረቁም፣ አልተደባደቡም፣ ለተጋጣሚ ጨዋታ አልለቀቁም። የራሳቸውን ዕቃ ሸጡ። ያኔ የኮሌጅ ተጫዋች ከተጫዋችነቱ ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር። የሻምፒዮናነት ቀለበት፣ ማሊያ፣ ደግሞ «የወርቅ ሱሪ» የሚሏትን ነገር። ይቺ የወርቅ ሱሪ በሱሪ ቅርጽ የተሠራች ትንሽዬ የአንገት ጌጥ ናት። ሚሺጋንን ያሸነፈ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች ይሸለማታል፤ ከ1934 ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ልጆቹ ዕቃውን ለአንድ የንቅሳት ቤት ባለቤት ሰጡ። በምትኩ ጥሬ ገንዘብና በቅናሽ ንቅሳት አገኙ። ሲያዙ ከእገዳው ሌላ እያንዳንዳቸው ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ለበጎ አድራጎት እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው።

ጉዱ ግን ገና ነው። እገዳው የሚጀምረው ከሚቀጥለው ዓመት ነው ተባለ። ለምን? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሹገር ቦውል የሚባለው ትልቅ ጨዋታ አለ። ልጆቹ ደንቡን በደንብ አልተነገራቸውም ነበርና ለጊዜው ይጫወቱ የሚል ምክንያት ተሰጠ። ተጫወቱ። ኦሃዮ ስቴት አርካንሳስን 31 ለ 26 አሸነፈ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ኳስ ጠልፎ ጨዋታውን የዘጋው ሶሎመን ቶማስ ከአምስቱ አንዱ ነው። ቅጣቱ የትም አይሄድም፣ ቴሌቪዥኑ ግን አይጠብቅም።

ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ ጂም ትሬስል ጉዳዩን ቀድሞ እያወቀ ዝም ማለቱ ታወቀና በሜይ 2011 ለቀቀ። የዚያ ዓመት ድሎች ተሰረዙ። ፕራየርም ትምህርቱን ጥሎ ወደ ኦክላንድ ሬደርስ ሄደ፤ እዚያም የአምስት ጨዋታ እገዳው ተከትሎት ገባ። ትሬስል በዓመት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር አካባቢ ይከፈለው የነበረ ሰው ነው። በኋላ የያንግስታውን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ የኦሃዮ ምክትል ገዢ ነው። ሰውዬው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ እዚህ ከተማ የሚጠላው ሰው ብትፈልግ አታገኝም። ብቻ ማን ወድቆ እንደተነሳ፣ ማን ወድቆ እንደቀረ አያችሁ።

ያኔ እኔ ስታዲየሙ አካባቢ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ቅዳሜ ጨዋታ ካለ ጎህ ሲቀድ መኪናው ይሰለፋል። በአዘቦት ቀን ማንም ዞር ብሎ የማያየው አስፋልት ያን ቀን ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። አንዱ ከመኪናው ኋላ ቋሊማ ይጠብሳል፣ አንዱ ቢራ ይከፍታል፣ አንዱ ትኬት ያዟዙራል። ቁጥር 2 የተጻፈበት ቀይ ማሊያ የለበሰው ሰው ብዛት! ቁጥር 2 ፕራየር ነው። ጀርባው ላይ ግን ስም የለም። ስም ከተጻፈ በተጫዋቹ ስም መነገድ ነው፣ ያ ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው። ቁጥር ብቻ ከሆነ ቁጥር ነው፤ የማንም አይደለም። ሱቁ ይሸጣል፣ ፋብሪካው ይሸጣል፣ ዩኒቨርሲቲው ድርሻውን ይወስዳል። እኔ እንኳ በሰዓት የሚከፈለኝ ሠራተኛ ከዚያ ጨዋታ የቤት ኪራይ አወጣ ነበር።

በዚያ ሰሞን ደንበኞቼ በልጆቹ ላይ ተናድደው ነበር። «ነፃ ትምህርት ተሰጥቷቸው የለም እንዴ? ሌላ ምን ጎደላቸው?» ይሉኝ ነበር ቁልፍ ሲያቀብሉኝ።

ይቺ ክርክር እኛን ሐበሾችን ቶሎ ትይዘናለች። ለልጁ ትምህርት ሲል ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት፣ ነፃ ትምህርት አግኝቶ የሚያማርር ሰው አይገባውም። እኔም ስኮላርሺፕን አላቃልልም። ግን ስኮላርሺፑ ምን ዓይነት እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። ከ1973 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ነበር፤ በየዓመቱ አሰልጣኙ ፈቅዶ ሲያድሰው ነው የሚቀጥለው። ከአንድ ዓመት በላይ መስጠት እንደገና የተፈቀደው በ2012 ነው። ጉልበቱ የተጎዳ ልጅ፣ ወይም አዲስ አሰልጣኝ ያልወደደው ልጅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል።

ትምህርቱስ? ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ለ18 ዓመት ያህል አስተማሪ የማይገባባቸው፣ አንድ ወረቀት ጽፎ በማስረከብ ብቻ ጥሩ ውጤት የሚገኝባቸው ኮርሶች ነበሩ። በ2014 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ከ3,100 በላይ ተማሪዎች በዚያ እንዳለፉ ገለጸ፤ ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች ናቸው። ኤንሲኤኤ ለዓመታት መረመረና በ2017 ዩኒቨርሲቲውን ሳይቀጣ ተወው። ምክንያቱ ኮርሶቹ ለስፖርተኛ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ነበሩ የሚል ነው። ቀለበቱን የሸጠ ይቀጣል። በሌለ ክፍል ውስጥ የተማረ ግን ምንም አልሆነም። «ዋናው ትምህርቱ ነው» ሲሉኝ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

ነገሩ ከሥሩ የሕግ ብልሃት ነው። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል ሰው ኮሎራዶ ውስጥ ለአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ ሥራ ላይ ለሞተ ሰው የሚሰጠውን ካሣ ጠየቀች። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ ስላልሆነ ካሣ አይገባትም አለ። በዚያው ዘመን የኤንሲኤኤ አለቃ የነበረው ዋልተር ባየርስ «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለውን አጠራር በየደንቡና በየጋዜጣው እንዲገባ አደረገ። ሠራተኛ ከተባሉ የአደጋ ካሣ ይመጣል፣ ደሞዝ ይመጣል፣ ማኅበር ይመጣል። ባየርስ ከ1951 እስከ 1987 ድርጅቱን መርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ራሱ የሠራውን ሥርዓት ክፉኛ ነቀፈው። ጡረታ የወጣ ሰው እውነት ሲናገር የኛም አገር ልማድ ነው።

ገንዘቡ ደግሞ እየገዘፈ ሄደ። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፉትቦል የቴሌቪዥን መብትን ከኤንሲኤኤ እጅ አውጥቶ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ለቀቀላቸው። ኦሃዮ ስቴት የሚጫወትበት ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ በ2022 የፈረመው የቴሌቪዥን ውል በሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጂምቦ ፊሸር የሚባለውን አሰልጣኙን በ2023 ሲያባርር ውሉ ላይ የቀረለትን 76 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሊከፍለው ግዴታ ነበረበት። ሥራ እንዳይሠራ ነው የሚከፈለው! በ2014 ደግሞ የኮኔቲከት የቅርጫት ኳስ ኮከብ ሻባዝ ኔፒየር፣ ዋንጫ ባነሳበት ሰሞን፣ ርቦት የሚተኛበት ሌሊት እንዳለ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ጥቂት ቀናት አልፈው ኤንሲኤኤ ለተጫዋቾች ያልተገደበ ምግብ ፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ምግቡም በደንብ የተገደበ ነበር ማለት ነው። ባለርስትና ጭሰኛ የሚባለውን ሥርዓት ከአያቶቹ አፍ የሰማ ሰው ይሄን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ግድግዳው የፈረሰው በፍርድ ቤት ነው። ኤድ ኦባነን፣ በ1995 ከዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን የሆነው፣ አንድ ቀን ጓደኛው ቤት በቪዲዮ ጌም ውስጥ ራሱን አየ። መልኩ፣ ቁጥሩ፣ በግራ እጁ መወርወሩ ሳይቀር። ጌሙ በገንዘብ ይሸጣል፣ እሱ ምንም አላገኘም። በ2009 ከሰሰ፣ በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ለእሱ ፈረደች። ከዚያ በጁን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልስተን የሚባል የቀድሞ ተጫዋች በከሰሰበት ጉዳይ 9 ለ 0 ኤንሲኤኤን ረታው። በዚህ ዘመን እነዚያ ዘጠኝ ዳኞች በምን ነገር ተስማምተው ያውቃሉ? ዳኛ ካቫና ኤንሲኤኤ ከሕግ በላይ አይደለም ብሎ ጻፈ። በጁላይ 1፣ 2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው እንዲነግዱ ተፈቀደ። ማስታወቂያ መሥራት፣ ፊርማ መሸጥ፣ ማሊያ መሸጥ። 

እዚህ ኮሎምበስ የመጀመሪያው ትልቅ ወሬ ኩዊን ዩወርስ ነበር። ልጁ ቴክሳስ ውስጥ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የቴክሳስ ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በስሙ ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክላል። እሱ ምን አደረገ? የመጨረሻውን ዓመት ዘሎ በ2021 ኦሃዮ ስቴት ገባ። 1.4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል እንዳገኘ በየጋዜጣው ተጻፈ። ዓመቱን ሙሉ ሜዳ የገባው ለሁለት ቅብብል ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ኳሷን ለሌላ ሰው አቀብሎ ቆመ። ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ያኔ ኡበር ጀምሬ ነበርና የተሳፋሪውን እርግማን የሰማሁት እኔ ነኝ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። በጃንዋሪ 2025 ቴክሳስና ኦሃዮ ስቴት በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ቴክሳስ አቻ ሊሆን ጎሉ አፍ ላይ ደርሷል። ጃክ ሶየር፣ እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ያደገ ልጅ፣ የዩወርስ የቀድሞ የዶርም ጓደኛው፣ ዩወርስን ከነኳሷ ጠልፎ ጣለው። ኳሷን አፍሶ 83 ያርድ ሮጠና አስቆጠረ። 28 ለ 14። ያን ሌሊት የጫንኳቸው ሰዎች ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው ይጮኹ ነበር። ከቀናት በኋላ ኦሃዮ ስቴት ኖተር ዳምን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቡድኑን ለማቋቋም 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ እንደወጣ በግልጽ ተናግሮ ነበር። በ2010 ለንቅሳት ሲባል አገር ያመሰው ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው።

ሰዎች እዚህ ላይ «ስግብግብነት ጨዋታውን አበላሸው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዩወርስ ያደረገውን ማንኛውም ጥሩ የሶፍትዌር ባለሙያ በየሁለት ዓመቱ ያደርገዋል፤ እንዲያውም ሊንክድኢን ላይ እንኳን ደስ አለህ እንለዋለን። ገንዘቡ ድሮም ነበር። የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው።

የከነከነኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

በጁን 2025 ያቺው ዳኛ ዊልከን የሃውስን ስምምነት አጸደቀች። ግራንት ሃውስ የአሪዞና ስቴት ዋናተኛ ነው፤ ክሱ በስሙ ነው የሚጠራው። ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ ስፖርተኞች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሣ በአሥር ዓመት ውስጥ ይከፈላል። ሁለተኛ፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከ2016 በፊት የተጫወተ ምንም የለውም። ፕራየር በ2024 ለብቻው ክስ መሥርቷል።

ካሣው ሲከፋፈል ከሞላ ጎደል 75 በመቶው ለፉትቦል፣ 15 በመቶው ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 በመቶው ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ የቀረው 5 በመቶ ለሌላው ስፖርት ሁሉ ሆነ። ስምንት ሴት ስፖርተኞች ወዲያው ይግባኝ አሉ። ታይትል ናይን የሚባለው የ1972 ሕግ በትምህርት ቤት ውስጥ በፆታ አድልዎ ይከለክላል፤ የቴሌቪዥን ገበያው ግን አያውቀውም። የባይደን መንግሥት ሊለቅ ሰሞን ክፍያው ለሴቶችም እኩል መዳረስ አለበት የሚል መመሪያ አወጣ፣ የትራምፕ መንግሥት በወሩ ሻረው። «ገበያው የወንዶችን ነው የሚያየው» ለሚሉ አንድ ነገር ላስታውስ። በ2024 ኬትሊን ክላርክ የተጫወተችበትን የሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ 18.9 ሚሊዮን ሰው አየው፤ የወንዶቹን 14.8 ሚሊዮን። ገበያ የሚያየው የሚያሳዩትን ነው። ለሴቶቹ ለስንት ዓመት መች ጥሩ ሰዓትና ጥሩ ካሜራ ተሰጠ?

ከስምምነቱ ጋር ሌላም ነገር መጣ፣ የተጫዋች ቁጥር ገደብ። ፉትቦል 105፣ አገር አቋራጭ ሩጫ 17። እዚህ ጋ ነው ነገሩ እኛ ቤት የገባው።

የእህቴ ልጅ ሯጭ ነው። የእኛ ልጅ ሲሮጥ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ፈረንጁ ገና ስሙን ሳይጠይቅ ኃይሌን ያነሳል። ልጁ የሚያነሳው ግን ያሬድ ንጉሤን ነው። ያሬድ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ኬንታኪ ያደገ ልጅ ነው። ለኖተር ዳም ሮጦ በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፣ በፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ ነሐስ አገኘ። የእኛው ልጅ እንደዚያ ፈጣን አይደለም። ግን አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያለ ስኮላርሺፕ፣ በራሱ ወጪ፣ ቡድኑ ውስጥ ቦታ እንደሚሰጠው አሰልጣኙ በቃሉ ነግሮት ነበር። ገንዘብ አልጠየቀም። ማሊያዋን ብቻ ነው የፈለገው።

በ2025 ጸደይ ስልክ ተደወለ። እህቴ ቤት ነበርኩ፤ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ምንም አይልም። «ቁጥሩ ሞልቷል አሉኝ» አለ። እህቴ አልገባትም። «ምን ማለት ነው ሞልቷል? አንተ እኮ ብር አልጠየቅክም!» አለችው። «አይደለም እማዬ፣ ሕግ ወጥቷል፤ 17 ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው» አላት። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ እንዲከፈላቸው ሲባል የኔ ልጅ የማይሮጠው በምን ሒሳብ ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ድሮ የሚገደበው የስኮላርሺፕ ቁጥር ነበር፤ በራሱ ወጪ መሮጥ የፈለገ ግን አሰልጣኙ ከተቀበለው ቦታ አያጣም። አሁን የስኮላርሺፑ ገደብ ተነሳና በምትኩ የሰው ቁጥር ተገደበ። ለኮከቦቹ ጥሩ ነው፤ 17ቱም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊያገኙ ይችላሉ። አሥራ ስምንተኛው ልጅ ግን በነፃም አይሮጥም። ዳኛዋ ራሷ ይሄ ከንክኗት ውሳኔውን ለሳምንታት አዘግይታ ነበር። በመጨረሻ ቦታ ተነፍጓቸው የነበሩ ልጆች ከገደቡ ውጭ እንዲመለሱ ተፈቀደ፤ ግን ዩኒቨርሲቲው ከፈለገ ብቻ። የኛው አልፈለገም። ልጁ አሁን ኦሃዮ ውስጥ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ይሮጣል። ለስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት ደረጃ ነው፤ የምናግዘው እኛው ነን።

ሌላው ወላጅ ልብ የማይለው ነገር የክፍያ ደረሰኙ ነው። ኦሃዮ ስቴት ሀብታም ስለሆነ ስፖርቱን ከስፖርቱ ገቢ ያንቀሳቅሳል። ትንንሾቹ ግን እንዲህ አይደሉም። አክረንን፣ ኬንት ስቴትን፣ ቦውሊንግ ግሪንን የመሰሉት ከተማሪው ከሚሰበሰበው ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው በጀት ነው ስፖርቱን የሚደጉሙት። ቨርጂኒያ ውስጥ በዓመት ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ለስፖርት ብቻ ተማሪውን የሚያስከፍል ዩኒቨርሲቲ አለ። ሌሊት ሌሊት በፅዳት ሠርታ ልጇን ነርሲንግ የምታስተምር እናት፣ ልጇ አንድም ቀን ስታዲየም ሳትገባ የኳርተርባኩን፣ የፉትቦል ቡድኑን ዋና ኳስ አቀባይ፣ ጫማ ታግዛለች። ተጫዋቾቹ ይከፈላቸው ስል የዚህችን እናት ብር ማለቴ አይደለም። ብሩ ከአሰልጣኞቹ ደሞዝ፣ እብነበረድ ከተነጠፈበት መልበሻ ክፍልና ከቴሌቪዥኑ ይምጣ ነው የምለው። እስካሁን እንዳየሁት ግን ጉድለት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው ዋና፣ ቴኒስና ጂምናስቲክ ነው።

የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይም አለ። በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ሥራ እንደልቡ አይሠራም። ዛክ ኢዲ የሚባለው ካናዳዊ ግዙፍ ለፐርዱ እየተጫወተ በ2023 እና በ2024 የዓመቱ ምርጥ ተባለ፤ የቡድን ጓደኞቹ ማስታወቂያ ሲሠሩ እሱ ቪዛው እንዳይበላሽበት ይጠነቀቅ ነበር። ከኛ አካባቢ በሩጫ ስኮላርሺፕ የሚመጡ ልጆችም እዚያው ወጥመድ ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ ጫማ የሚሰጠው ድርጅት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚደውለው ለወኪል ሳይሆን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው።

ታዲያ እኔ ምን እላለሁ? ስለ ክፍያ መጠን ብዙ አልጨነቅም። የሚያናድደኝ ማን እንደወሰነው ነው። በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የደሞዝ ጣሪያ አለ፤ ግን የተጫዋቾች ማኅበር ቁጭ ብሎ ተከራክሮ የፈረመበት ነው። በኮሌጁ 20.5 ሚሊዮን የሚለውን ጣሪያ ያወጡት ጠበቆችና ባለሥልጣናት ናቸው። ተጫዋቹ ከውጭ ከ600 ዶላር በላይ የሚያወጣ የማስታወቂያ ውል ሲያገኝ ለአንድ አጣሪ አካል ማሳወቅ አለበት፤ ዋጋው «ተገቢ» መሆኑ ይመረመራል። የጂምቦ ፊሸር 76 ሚሊዮን ተገቢ መሆኑን የመረመረ አካል አለ?

ልጆቹ ለመደራጀት ሞክረው ነበር። በ2014 የኖርዝዌስተርን ፉትቦል ተጫዋቾች ማኅበር እንመሥርት ወይስ አንመሥርት ብለው ድምፅ ሰጡ። ኮሮጆው ታሸገ። የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ከዓመት በላይ አስቦ በኦገስት 2015 ጉዳዩ አይመለከተኝም አለ። ድምፁ ሳይቆጠር ተወገደ። እስከ ዛሬ ስንቱ እሺ እንዳለ፣ ስንቱ እምቢ እንዳለ የሚያውቅ የለም። በ2024 ደግሞ የዳርትመዝ የቅርጫት ኳስ ልጆች 13 ለ 2 ማኅበር ይሁን አሉ፤ ይሄኛው እንኳ ተቆጥሯል። ኮሌጁ አልደራደርም አለ። የቦርዱ ወንበር በአዲሱ መንግሥት ሰዎች ሊያዝ ሲል ልጆቹ በዓመቱ መጨረሻ ጥያቄያቸውን ሳቡ። በ2025 ኮንግረስ ፊት የቀረበው ስኮር አክት የተባለው ረቂቅ ተጫዋቾች ሠራተኛ እንዳይባሉ በሕግ ይከለክላል፤ ለኤንሲኤኤም ከክስ ከለላ ይሰጣል። ፍርድ ቤት የተሸነፈ ሰው ሕጉን ለማስቀየር መሄዱ አይገርምም። የሚገርመው «ለልጆቹ ሲባል» መባሉ ነው።

እህቴ ሁለተኛ ልጅ አላት፣ ቮሊቦል ትጫወታለች፣ ቁመቷ ከአሁኑ ከእኔ በልጧል። ባለፈው አንድ አሰልጣኝ ኢሜይል ጽፎላታል። እህቴ ደውላ «ምን ልበለው?» አለችኝ። እንዲህ አልኳት፦ ቦታዋ ለስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቂው፣ አሰልጣኙ ቢቀየርስ በይው፣ ጉዳት ቢደርስባት ሕክምናውን እስከ መቼ እንደሚሸፍኑ ጠይቂ፤ ከ2024 ወዲህ ትልልቆቹ ከወጣች በኋላ እንኳ ለሁለት ዓመት የመሸፈን ግዴታ አለባቸው። ሁሉንም በጽሑፍ ይስጡሽ።

«እንዲህ ስጠይቀው ይቀየመኛል እኮ» አለችኝ።

«ይቀየም» አልኳት።